33 አክሲዮን አለኝ፤ ከዓምዴ ግርጌ ልጻፈው?

ባለ ዓምዱ

ጤና ይስጥልኝ። በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ጋዜጣ ላይ ስለ ቴክኖሎጂ እጽፋለሁ። የጋዜጣውን ስም ተዉልኝ፤ ብታውቁትም አትጥቀሱት። በዚህ መድረክ ለብዙ ጊዜ እያነበብኩ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን የቸገረኝ ነገር አለ።

ጥቅምት 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር እኔም ገዛሁ። ትንሹ የሚፈቀደው መጠን 33 ነበር፤ እሱኑ ገዛሁ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ስለሆነ 9,900 ብር ከፈልኩ። ምዝገባውን አስቀድሜ ጨርሼ ስለነበር ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በቴሌብር ከፈልኩና ተራዬ ሳይደርስ ግዢው አለቀ። ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ መንገሩን እንኳን ረስቼው ነበር።

ባለፈው ሳምንት የሁለቱን የቴሌኮም ኩባንያዎች የዳታ ጥቅል ዋጋ የሚያነጻጽር ጽሑፍ አስረከብኩ። ምክትል ዋና አዘጋጃችን ጽሑፉን ይዛ ወንበሬ ድረስ መጣችና «አንተ የቴሌ አክሲዮን ነበረህ አይደል?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ጽሑፉ እስካሁን ጠረጴዛዋ ላይ ነው።

እኔ ጽሑፉ ሚዛኑን የጠበቀ ነው ባይ ነኝ፤ እንዲያውም አንድ ሁለት ቦታ ላይ ቴሌን ጠንከር አድርጌ ተችቻለሁ። ከግርጌው «ጸሐፊው የኩባንያው አክሲዮን አለው» ብዬ ብጽፍ አንባቢ ያመሰገንኩትንም የተቸሁትንም አያምነኝም ብዬ ፈራሁ። ባልጽፈው ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ይጽፍልኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ሒሳብ ሹም

በቁጥር እንየው። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፤ እሱም ከጠቅላላው 10 በመቶ ነው። ጠቅላላው ስለዚህ 1 ቢሊዮን ነው ማለት ነው። ያንተ 33። ኩባንያው ባንተ ጽሑፍ ምክንያት 1 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ ቢያተርፍ፣ ያንንም ሳያስቀር ለባለ አክሲዮኖች ቢያከፋፍል፣ የሚደርስህ 33 ብር ነው፤ እሱም ግብሩ ሳይቆረጥ። በ33 ብር ሕሊናውን የሚሸጥ ጋዜጠኛ ካለ የሚያስፈልገው የሥነ ምግባር ሳይሆን የሒሳብ ትምህርት ነው። ማስታወሻውን ተወው፣ ጽሑፉን አሳትምና ተገላገል።

የአራት ኪሎ አንባቢ

ሒሳብ ሹም፣ ስሌትዎ ልክ ነው፤ እኔን ያስረዳኝ ግን ተቃራኒውን ነው። ነገሩ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ መጻፉስ ምን ይከብዳል?

አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ ተከራይተን በምናነብበት ዘመን ጋዜጣውን ቶሎ መመለስ ስለነበረብን ከርዕሱ ቀጥሎ የምናየው የጸሐፊውን ስም ነበር። ሰውየው ማን ነው? የማን ወገን ነው? ማን ያጎርሰዋል? ማንበብ የምንጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሚነግረን ስላልነበረ እንገምታለን፤ ግምታችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነበር። አንድ ስለ ስፖርት የሚጽፍ ምስኪን ጋዜጠኛ ሦስት ሚኒባስ አለው እያልን ስናማ ኖረን፣ አንድ ቀን ከእኛው ጎን ተቀምጦ ጋዜጣ ሲከራይ አየነው።

ባለ ዓምዱ፣ 33 መሆኑን ራስዎ ካልነገሩን እኛ ከፍተኛውን፣ 3,333ቱን ገዝቷል ነው የምንልዎት።

ጡረተኛው አርታኢ

ልጄ፣ ምክትሏን አመስግናት። ሥራዋን የምታውቅ ናት።

የአክሲዮን ነገር ለእኛ አገር አዲስ ይምሰል እንጂ በሙያው ውስጥ የቆየ ጣጣ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፎስተር ዋይናንስ የሚባል የአሜሪካው ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጠኛ ነበር። ስለ አክሲዮን ገበያ የሚወጣ አንድ ታዋቂ ዓምድ ከሚጽፉት አንዱ ነው፤ ዓምዱ በወጣበት ቀን የኩባንያዎች ዋጋ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰውየው ነገ የሚወጣውን ዛሬ ለአንድ የአክሲዮን ደላላ ይነግረዋል፤ ደላላው ከአንባቢው ቀድሞ ይገዛል፣ ቀድሞም ይሸጣል። በዚህ የተገኘው ትርፍ ወደ 690,000 ዶላር ገደማ ነበር። ለጋዜጠኛው ወገን የደረሰው ወደ 31,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ጋዜጠኛ በሌብነት እንኳን ሲከፈለው ጥቂት ነው። በ1985 ጥፋተኛ ተባለ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1987 ፍርዱን አጸናው።

እኔ ይህን ታሪክ ለአዳዲስ ጋዜጠኞች ስነግር ሁልጊዜ የሚያልፉት ነገር አለ። የጻፈው ውሸት ነው ብሎ የከሰሰው ሰው የለም። ዓምዱ እውነት ነበር። ቁጥሩ ልክ፣ ምንጩ ልክ። ስለዚህ «ጽሑፌ ሚዛኑን የጠበቀ ነው» ማለትህ ምክትሏ ለጠየቀችህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን 33ቱ አክሲዮን እንቅልፍ አይነሳኝም። አክሲዮን መዝገብ አለው፤ የፈለገ ቆፍሮ ያገኘዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስቸገረኝ መዝገብ የሌለው ነው። አበሉ፣ ለሙከራ ተብሎ መጥቶ የማይመለሰው ስልክ፣ የውጭ አገር ሥልጠናው፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሠራው የጎን ሥራ፣ የሚስት ወንድም ሱቅ። እስቲ ስለነዚህ ደግሞ ንገረን።

ጀማሪዋ ሪፖርተር

ጋሼ ስለ አበል ካነሱ የማውቀውን ልናገር።

ባለፈው ወር ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ የአንድ አዲስ የክፍያ መተግበሪያ ማስተዋወቂያ ነበር። ሲገቡ አንድ ቅጽ ላይ ስም ይጻፋል። ሁለተኛው ቅጽ የሚወጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ ቀደም ብሎ ከወጣ ሰው ፈርሞ ይሄዳላ። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ከስሜ ትይዩ «ትራንስፖርት» ይላል። ፖስታው ውስጥ 1,500 ብር ነበር። ከሆቴሉ እስከ ቢሯችን በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ በእግሬ ነው የተመለስኩት።

ዜናውን በዚያው ቀን ጻፍኩ። መተግበሪያው መድረክ ላይ ሲታይ ሁለት ጊዜ ቆሟል። ኃላፊው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ሳቀ፣ እኛም አብረነው ሳቅን። ዜናዬ ውስጥ ይህ የለም። አትጻፊው ያለኝ ሰው የለም፤ ያስፈራራኝም የለም። ላፕቶፔን ስከፍት በቃ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው።

ሒሳብ ሹም

በዓመት 33 ብር እና በግማሽ ቀን 1,500 ብር። የመጀመሪያ አስተያየቴን አነሣለሁ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ያሰላሁት ግን የማያስፈልገውን ነበር።

ኑሮ ነው

ነገር አታካብዱ። በዚህ የቤት ኪራይ ጋዜጠኛ ምን ይብላ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ያደገ ሕዝብ ነው ዛሬ ተሰብስቦ የአንዲት ልጅ ትራንስፖርት የሚቆጥረው? እኔ የጋዜጠኛን የግምገማ ጽሑፍ የማነበው እንደ ማስታወቂያ ነው። ተጎድቼ አላውቅም።

ባለ ጥገናዋ

ኑሮ ነው፣ እርስዎ አልተጎዱ ይሆናል። የተጎዱት እኔ ዘንድ ይመጣሉ።

ጋዜጠኛ አይደለሁም፤ ስልክ እጠግናለሁ። ሱቄ ፒያሳ ነበር፤ አካባቢው ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ መጣሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የታወቀ የስልክ ገምጋሚ (ባለ ዓምዱ አይደሉም) የአንድን ስልክ ባትሪ ሰማይ አድርሶት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ስልክ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ፤ እስካሁን 11 ከፍቻለሁ። ሁሉም ሲመጡ የጀርባ ክዳናቸው ከአንድ ጥግ ተነሥቷል። ክዳኑን በጸጉር ማድረቂያ አሙቄ በስስ ፕላስቲክ ስፈለቅቀው ባትሪው እንደ ትንሽ ትራስ ተነፍቶ ይጠብቀኛል።

ዘጠነኛውን ያመጣው ተማሪ ስልኩን የገዛው ግምገማውን አይቶ እንደሆነ ነገረኝ፤ ቪዲዮውንም ከፍቶ አሳየኝ። ገምጋሚው ሳጥኑን ሲከፍት ቪዲዮውን አስቆምኩት። ሳጥኑ ጎን ላይ «ለሽያጭ የማይቀርብ» የሚል ተለጣፊ በእንግሊዝኛ ተለጥፏል። ሱቅ ሄዶ የገዛው አይደለም፤ የላኩለት ነው። ይህን በአፉ አልተናገረም፤ ተለጣፊውን ያየሁትም ሥራዬ ከሳጥን ጋር ስለሆነ ነው።

በእኔ ሥራም ይኸው ነገር አለ። ባትሪውን የምሸጠውም እኔ፣ የምገጥመውም እኔ፣ «መቀየር አለበት» ብዬ የምፈርደውም እኔ ነኝ። ደንበኛው ዓይኑ ሲጠራጠር አልቀየመውም። ስለዚህ ስልኩን ፊቱ ነው የምከፍተው፤ ያበጠውንም አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከአዲሱ ጎን አስቀምጥለታለሁ። ከዚያ ራሱ ይፍረድ።

ኮድ ጸሐፊው

ከሌላው ወገን ልናገር፤ የምሠራው አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነው። ከዘርፉ ጋር ምንም የማይገናኝ ጋዜጠኛ ሲመጣብን ሰርቨርና ሲም ካርድን ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ደግሞ እጁን ያስገባ ነው። ጥቅም የሌለው ሰው እውቀትም የለውም፤ ይህን መቀበል አለብን።

ማይክል አሪንግተንን ተመልከቱ። ቴክክራንች የሚባለውን የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ በፈረንጆቹ 2005 መሠረተ፤ ስለ ጀማሪ ኩባንያዎች እየጻፈ በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ገንዘቡን ያፈስ ነበር። ድረ ገጹን ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ በ2010 ገዛው። በ2011 ሰውየው ክራንችፈንድ የሚባል የ20 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ ሲያቋቁም ኤኦኤል ራሱ ገንዘብ አዋጣ። ጩኸቱ ሲበረታ አሪንግተን በዚያው ወር ከቴክክራንች ወጣ። ግን ሰውየው ገንዘብ እንደሚያፈስ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ተናገረ፣ አንባቢው አወቀ፣ አበቃ። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

ጡረተኛው አርታኢ

ኮድ ጸሐፊው፣ ስለ እውቀት ያልከው እውነት አለው። ስለ መናገር ያልከው ግን ግማሽ ነው።

ማስታወሻ የሚለጠፈው በወጣ ጽሑፍ ሥር ነው። ያልወጣው ጽሑፍ ሥር ምን ትለጥፋለህ? በአንዱ ድርጅት ላይ ገንዘቤን አፍስሼ ተፎካካሪው የተሻለ ነገር ሠራ እንበል። ስለ እሱ አልጽፍም፤ ወይም የመጣውን ወጣት ሪፖርተር «ይህ እንኳን ለአንባቢያችን አይሆንም» ብዬ እመልሰዋለሁ። አንባቢ ምን ያያል? ምንም። ልጃችን የነገረችን ይህንኑ አይደለም ወይ? ሁለት ጊዜ የቆመው መተግበሪያ ዜናው ውስጥ የለም።

እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ ደንቤ አጭር ነበር፤ ጥቅም ያለህበትን ነገር ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ አንተ የምታውቀውን ለእሱ ትነግረዋለህ። በትንሽ ዝግጅት ክፍል ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዳንዴ «ሌላው ሰው» ራሴ ነበርኩ፤ እኔ ስለ ስልክ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ይቅር ይበለኝ።

ኮድ ጸሐፊው

ጋሼ፣ ስለ ባለቤቶችስ? ጋዜጠኛው ንጹሕ ሆኖ ከላይ ያለው ቢበላሽስ? በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2022 ላይ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ዜና የሚዘግበው ዘ ብሎክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማይክል ማካፍሪ ከሥራ ለቀቀ። ለካ ሰውየው ሳም ባንክማን ፍሪድ ከሚባለው የክሪፕቶ ባለሀብት ኩባንያ ከአላሜዳ በሚስጥር እየተበደረ ከፊሉን ለድርጅቱ ሲያውል ኖሯል፤ ብድሩ በድምሩ 43 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጋዜጠኞቹ ስለዚያው ሰው በየቀኑ ሲጽፉ ደመወዛቸው ከየት እንደሚመጣ አያውቁም። እነዚህ ልጆች ከግርጌ ምን ብለው ሊጽፉ ይችሉ ነበር?

ለራሴ ክርክር የማይመቸውንም ልናገር። የዚያኑ ሰው ጉድ በኅዳር 2022 መጀመሪያ ያወጣው ኮይንዴስክ የተባለ ሌላ የክሪፕቶ ዜና ድረ ገጽ ነው፤ የሰውየው የክሪፕቶ መገበያያ ኤፍቲኤክስ አሥር ቀን እንኳን ሳይሞላው ኪሳራ አወጀ። የኮይንዴስክ ባለቤት ኩባንያ ራሱ በዚያ ማዕበል ክፉኛ ተመታ። ጋዜጠኞቹ የጻፉት የአሠሪያቸውን ቤት የሚያናጋ ዜና ነበር። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው።

የሕግ ተማሪ

በአጭሩ ሕጉን ልጨምር። ሀብትን ስለ ማሳወቅና ስለ ማስመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተመራጮችን፣ ተሿሚዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን እንጂ የግል ጋዜጣ ጸሐፊን አይመለከትም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው የመገናኛ ብዙኃን ሥራ ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ደግሞ ለሕዝብ ያልወጣ የውስጥ መረጃን ተጠቅሞ መገበያየትን ይከለክላል። አክሲዮን የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጋሼ የነገሩን የ1980ዎቹ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ እየቀረ ነው። ዛሬ የአንድ ጋዜጣ ዓምድ ዋጋ አያንቀሳቅስ ይሆናል። ነገ ያንቀሳቅሳል።

የለገሃሩ ባለ ሱቅ

ባለ ዓምዱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ጥያቄ አለኝ።

ከሦስት ወር በፊት ስለ አንድ የሱቅ ዕቃ መመዝገቢያ መተግበሪያ ጽፈው ነበር። ስልኬ ላይ የጫንኩት ያንን አንብቤ ነው፤ አልከፋኝም፣ እስካሁን እሠራበታለሁ። ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ የመተግበሪያውን መመሪያ ሳገላብጥ «ጎዶሎ ቆጠራ» የሚል ነገር አገኘሁ። ዕቃ ሊያልቅ ሲል የሚያስጠነቅቅበት ክፍል ነው። እኛ ነጋዴዎች እንዲህ አንልም። «አለቀ» ነው የምንለው፣ ወይም «ጎደለ»።

ይህን ቃል የት ነው ያየሁት እያልኩ ቆየሁ። የእርስዎን ዓምድ ቆርጬ የዱቤ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ አወጣሁት። «ጎዶሎ ቆጠራ» ሁለት ጊዜ አለ። ዝቅ ብሎ «መደርደሪያዎ ሳይራቆት» ይላል። መመሪያው ላይም «መደርደሪያዎ ሳይራቆት» ይላል፤ በእነዚሁ ቃላት። መተግበሪያው ከእርስዎ ቀድቶ ነው ወይስ እርስዎ ከመተግበሪያው?

ኑሮ ነው

ይኸውላችሁ።

አወያይ

የመተግበሪያውን ወይም የድርጅቱን ስም የሚጠቅስ መልእክት ይነሣል። ባለ ዓምዱ መልስ እስኪሰጡ ድረስ ስድብ አይፈቀድም። ከሰጡ በኋላም አይፈቀድም።

ባለ ዓምዱ (ከሁለት ቀን በኋላ)

ማንም ከማንም አልቀዳም። ሁለቱም የእኔ ናቸው።

መመሪያውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። 41 ገጽ ነበር፤ ልጄ የቤት ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሌሊት ሠራሁት። ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ካፌ ተገናኝተን 12,000 ብር ከፈሉኝ። «ጎዶሎ ቆጠራ» የምትለዋን ቃል ሳገኛት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባለ ሱቆች እንደማይሏት አልጠየቅኩም። ዓምዱን የጻፍኩት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ጻፍልን ያለኝ የለም። ሥራው አልቋል፣ ሒሳብ ተዘጋግተናል፣ ከእንግዲህ የሚያገናኘን ነገር የለም ብዬ ነበር። መተግበሪያውን ከማንም በላይ ስለማውቀው ለአንባቢ የሚጠቅም መሰለኝ። ኮድ ጸሐፊው «ጥቅም የሌለው እውቀትም የለውም» ሲል በደስታ ነው ያነበብኩት።

ጋሼ ስላልወጣው ጽሑፍ ሲናገሩ ግን ቆምኩ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲመለስ መተግበሪያው አንዳንዱን ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል። በእንግሊዝኛው መመሪያ ስለዚህ ግማሽ ገጽ ነበር። «ይህን አትተርጉመው፣ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል» ተባልኩ። አልተረጎምኩትም። ዓምዴም ውስጥ የለም።

ስለ 33ቱ አክሲዮን ለምን እንደጠየቅኳችሁ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እሱ ሲጠየቅ የማያሳፍረው ነበር።

የለገሃሩ ባለ ሱቅ

ለካ! ሰኔ ላይ መብራትም ኔትወርክም ሲሄድ ሲመጣ በዋለበት ቀን አሥራ አራት ኪሎ ስኳር ተሸጧል ብሎ መዝግቦ፣ ጆንያው ውስጥ ግን ሰባቱ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። በልጄ ላይ ነው የጮህኩት። አስተካክለህ አትመዘግብም ብዬ ለሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ።

እውነቱን ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። ግን ልጄን ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው?

ባለ ዓምዱ

እኔ ነኝ። ሱቅዎ መምጣት እፈልጋለሁ፤ በግል መልእክት አድራሻውን ይላኩልኝ።

ለሚቀጥለው እትም ማስታወሻ አዘጋጅቻለሁ፤ እዩልኝ። «ጸሐፊው ከዚህ ቀደም ከአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ጋር የሙያ ትብብር እንደነበረው ለአንባቢያን ለማሳወቅ ይወዳል።»

ጡረተኛው አርታኢ

«የሙያ ትብብር» ምንድን ነው? አብራችሁ ዛፍ ተከላችሁ? «ለማሳወቅ ይወዳል» የሚለውንም አውጣው፤ አልወደድከውም። ጸሐፊው፣ ጸሐፊው ማለቱንም ተውና «እኔ» በል።

ባለ ጥገናዋ

ብሩን ይጻፉት። ቁጥር የሌለው ነገር ሰው በራሱ ቁጥር ይሞላዋል፤ የአራት ኪሎው አንባቢ መጀመሪያ ያሉት ይህንኑ ነው።

ባለ ዓምዱ

ይህኛውስ?

«ከሦስት ወር በፊት በዚህ ዓምድ ስለ አንድ የሱቅ መመዝገቢያ መተግበሪያ ጽፌ ነበር። ጽሑፉ ከመውጣቱ አምስት ሳምንት በፊት የመተግበሪያውን መመሪያ ተርጉሜ ከድርጅቱ 12,000 ብር ተቀብያለሁ። ይህን ለአንባቢም ለአዘጋጆቼም አልነገርኩም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አንዳንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ እንደሚመዘግብ እያወቅኩ አልጻፍኩም። የኢትዮ ቴሌኮም 33 አክሲዮንም አለኝ፤ የዳታ ዋጋ ንጽጽሩን ሌላ ባልደረባ እንደገና ይሠራዋል።»

ጡረተኛው አርታኢ

አሁን ጻፍክ።

ጀማሪዋ ሪፖርተር

ጋሼ፣ እኔስ? ስለ 1,500 ብሩ ለአለቃዬ ልንገረው?

ጡረተኛው አርታኢ

አለቃሽ አያውቅም?

ጀማሪዋ ሪፖርተር

ቅጹ ላይ ከእኔ ስም በላይ የፈረመው እሱ ነው።

ሒሳብ ሹም

ለዚህ ስሌት የለኝም።

ጡረተኛው አርታኢ

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ለሁላችሁም የጋራ ደንብ ይጻፍ ብለሽ ጠይቂ እንጂ ብቻሽን የአንቺን ፖስታ አትክፈቺ። አዲስ ሠራተኛ ነሽ፤ ቅድስት ሁኚ ብዬ እንጀራሽን ላሳጣሽ አልፈልግም። ያቺን ሁለት ጊዜ የቆመችውን መተግበሪያ ግን አሁንም መጻፍ ትችያለሽ። ደውለሽ ተስተካክሎ እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ እሱ ራሱ ዜና ነው።

የአራት ኪሎ አንባቢ (ሐሙስ)

ጋዜጣውን ዛሬ ጠዋት ገዛሁ። ማስታወሻው ወጥቷል፤ ገጽ 14፣ ከግማሽ ገጽ የባንክ ማስታወቂያ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል። ስለ ድርብ ምዝገባው አለ፣ አክሲዮኑም አለ። ነገር ግን «ከድርጅቱ ክፍያ ተቀብያለሁ» ይላል እንጂ 12,000 ብር የሚለውን ፈልጌ አጣሁት። ብሩ የት ገባ?

ባለ ዓምዱ

እኔ ጽፌ ነበር። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ቦታ ጠበበ ተብሎ መስመር ሲቆረጥ አብሮ ወጣ። ምክትሏ አልቆረጠችውም፤ ማን እንደቆረጠው ነገ እጠይቃለሁ።

የለገሃሩ ባለ ሱቅ

እኔም ገዝቻለሁ። ቆርጬ የዱቤ ደብተሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጥኩት። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጨምሬበታለሁ።